ሎቢው 5 ኮከብ፣ ፊዚዮው 2፦ እማዬ ያለችበት ነርሲንግ ሆም

እማዬ ያለችበት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) እንዴት ነው እያላችሁ ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ቤቱ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዌስት ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ እማዬ እዛው ናት ያለችው፣ ነገ ጠዋት ሻይዋን የሚያቀርቡላት እነሱ ናቸው። ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆና፣ ሪሃብ (ማገገሚያ) ቆይታ፣ ከዛ ብቻዋን ቤት መኖር አትችልም ተባለና ገባች፣ አሁን 14 ወር ሆናት።

ስትገቡ ሆቴል ነው የሚመስለው። ቡና ማሽን አለ፣ ፒያኖ አለ (ማንም ሲነካው አይቼ አላውቅም)፣ ክፍሏ ንጹህ ነው፣ በመስኮቷ ጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ምግቡ የፈረንጅ ቢሆንም ትኩስ ነው። እኔም ይሄን አይቼ ፈረምኩ። ቤት ልናይ ስንዞር ሁላችንም አልጋውንና ሽንት ቤቱን ነው የምናየው፣ ፊዚዮ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ መጥቶስ ያስኬዳታል ወይስ ፎርም ይሞላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየኩም።

ከሪሃብ ስትወጣ በዎከር (በመራመጃ ድጋፍ) 30 ሜትር ትሄድ ነበር፣ ቀስ እያለች፣ አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ። በገባች ሳምንት ፊዚዮው መጣ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ 20 ደቂቃ አያትና ወረቀት ጽፎ ቁምሳጥኗ ላይ ለጠፈ፣ በቀን ሁለቴ በዎከር እስከ ምግብ አዳራሽ ትሂድ፣ አንድ ሰው ይደግፋት ይላል። ልጁ ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ። እኔ ስራ በዝቶብኝ ማታ ማታ ብቻ ነበር የምሄደው፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ድንገት ብገባ ዎከሩ ሻወር ቤት ቆሟል፣ ፎጣዋና የሌሊት ልብሷ ተሰቅሎበታል፣ እሷ ዊልቸር ላይ ናት። ሰራተኞቹን ምነው ስላቸው፣ በእግሯ እስክትደርስ ምሳው ይቀዘቅዛል አሉኝ። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፣ ሁለት ሆነው አንድ ኮሪደር ሙሉ ሰው ነው የሚያነሱት የሚያበሉት። ግን ለእግር እንዲህ ያለ ሶስት ሳምንት ብዙ ነው፣ ልታነሷት ስትሞክሩ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ ከዚህ ቤት በላይ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድሮ መንግስት ለቤቶቹ ሲከፍል ለህመም ማስታገሻ ሕክምና ለብቻው ይታሰብ ነበር፣ ፊዚዮዎቹ በሳምንት 4 ቀን እየዞሩ ያሹ ነበር፣ እሱም ቢሆን ማሸት እንጂ ማስኬድ አልነበረም። በኦክቶበር 2022 አዲሱ የክፍያ ስርዓት ሲመጣ ያ ቀረ፣ ገንዘቡ ሁሉ አንድ ቋት ገባ፣ ብዙ ቤቶችም የፊዚዮ ሰዓት ቆረጡ። በዛ ላይ አሁን ቤቶቹ ለአንድ ሰው በቀን በአማካይ 215 ደቂቃ ኬር (እንክብካቤ) የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ 44ቱ በሪጂስተርድ ነርስ ሆኖ፣ ፊዚዮ፣ ፖዲያትሪስት (የእግር ሐኪም)፣ ስፒች (የንግግር ባለሙያ) ግን እዛ ውስጥ አይቆጠሩም። እንግዲህ ማኔጀር ብትሆኑ ገንዘባችሁን የት ታደርጉ ነበር? ሮያል ኮሚሽኑ (የአረጋውያን እንክብካቤን የመረመረው ኮሚሽን) እኮ 2021 ላይ ቤቶች እነዚህን ባለሙያዎች እንዲቀጥሩ ወይም እንዲያስመጡ ይገደዱ ብሎ ጽፎ ነበር።

ሌላው የህመም ጉዳይ ነው። ፋይሏን አሳዩኝ ስል ወር በወር “ኖ ፔይን” ይላል። እንዴት ጠየቃችኋት? “ሃው አር ዩ፣ ኤኒ ፔይን?” እማዬ ምን ትላለች፣ “ደህና፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ነዋ! ቤቷ ቢቃጠል እንኳን መጀመሪያ የምትለው እሱን ነው። ከዛ እምቢ አልኩና ፊዚዮው ባለበት የስልክ አስተርጓሚ ጋ 131 450 ተደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ ገባ፣ ሴትየዋ ጎበዝ ነበረች፣ ህመም አለዎት ወይ አላለቻትም፣ “እማማ፣ ሌሊት ሲገላበጡ የቱ ጋ ነው የሚይዝዎት?” አለቻት። እማዬ በቃ ተከፈተች፣ ጉልበቴን ሲወጋኝ ነው የሚያድረው ልጄ፣ ወገቤን ቁርጥማቱ፣ እንትን… 10 ደቂቃ አወራች። አሁን ከመራመዷ በፊት ፓናዶል ይሰጣታል፣ እሱ ብቻ ስንት ለውጥ አመጣ መሰላችሁ።

የቢል (የክፍያ) ነገርም አለ። እማዬ ስኳር ስላለባት እግሯን ፖዲያትሪስት ማየት አለበት፣ መጥቶ ጥፍሯን ቆረጠ፣ ከዛ ለኔ 65 ዶላር ቢል መጣ። እኔም ዝም ብዬ ሁለቴ ከፈልኩ። ሶስተኛው ላይ አንድ ሲድኒ ያለ ጓደኛዬ ሞኝ ነህ እንዴ አለኝ። ያስፈልጋታል ተብሎ ከተወሰነ ፖዲያትሪ፣ ፊዚዮ፣ ስፒች ቤቱ በሚከፈለው ውስጥ ነው፣ ተጨማሪ ማስከፈል አይችሉም። ከዛ ውጪ የሚሆነው ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ረጅም ከባድ ሪሃብ ነው፣ እነሱም ስትጠይቋቸው እዛች ቃል ስር ነው የሚደበቁት፣ “እሱ ሪሃብ ነው” ይላሉ። ለአረጋውያን የሚሟገቱት ጋ 1800 700 600 ደወልኩ፣ አድቮኬት (ተሟጋች) በነጻ ሰጡኝ፣ አንድ ኢሜይል ጻፈች፣ ገንዘቡ ተመለሰ። በሜዲኬር (የመንግስት የጤና መድን) በኩል ደግሞ ጂፒው (የቤተሰብ ሐኪሟ) የሕክምና ፕላን ካደረገላት በአመት የነዚህ ባለሙያዎች 5 ቪዚት አለ፣ ግን 5ቱ ለሁሉም ተደምሮ ነው፣ ለፊዚዮ 5 ለፖዲያትሪስት 5 እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ጥሩው፣ ስፒች ፓቶሎጂስቷ። እኔ ስፒች ሲባል ለመናገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ መዋጥንም የሚያዩት እነሱ ናቸው። እማዬ ሻይ ስትጠጣ ማሳል ጀመረች፣ ነርሶቹ ወዲያው የተፈጨ ምግብ አደረጓት፣ በቃ አልበላም አለች። ልጅቷ መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው “ቤት እያለች ምን ትወድ ነበር?” ብላ ነው። ፍትፍት አልኳት፣ ሰምታው አታውቅም፣ እሁድ አምጣ አለችኝ። የሽሮ ፍትፍትና አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ፍትፍቱን በሹካ ጫነችው፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ነጭ እስኪሆን፣ ሲደቅ አየች፣ ዳር ዳሩን ደረቅ ያለውን እንጀራ አወጣች፣ ይሄ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ በደንብ የራሰው በትንሽ በትንሹ ይሁን አለች። አጥሚቱን ደግሞ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ውስጥ ሞላችው፣ ለ10 ሰከንድ ለቀቀችው፣ የቀረው 6 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሌቭል 2 (ትንሽ ወፈር ያለ) ነው፣ ልክ የሚሆናት ይሄ ነው አለች። እማዬ ታያታለች ታያታለች፣ “ምነው፣ አጥሚት በመርፌ ይለካል እንዴ?” ብላ ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። (የእናታችሁ ጉሮሮ የራሷ ነው፣ እኔን አይታችሁ ፍትፍት ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ አስመርምሩ።) ያቺ ልጅ 5 ኮከብ፣ ግን የምትመጣው ሲጠሯት ብቻ ነው፣ እስክትመጣም 5 ሳምንት ጠብቀናል።

ዳይቲሺያኗ (የአመጋገብ ባለሙያዋ) በስልክ ነች። ክብደቷ ሲቀንስ የወተት ሰፕልመንት አዘዘችላት፣ ረቡዕና ዓርብ አልጠጣም ስትል “ሪፊውዝድ” ተብሎ ተጻፈ። ጾም ነው ብዬ ሳስረዳ በጁስ አይነቱ ቀየሩት፣ በሁለት ደቂቃ አለቀ። አስቀድሞ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አሁን ስብሰባ አስጠርቼ መራመዱ የኬረሮቹ (የተንከባካቢዎቹ) የቀን ስራ ዝርዝር ላይ ገብቷል፣ በየቀኑ ይፈረምበታል። ሁሌ ይደረጋል አልላችሁም። ማክሰኞና ሐሙስ አንዲት የኛ አገር ልጅ ሺፍት አላት፣ “እማማ ይነሱ፣ ቡና ተፈልቷል” ትላታለች፣ ቡናው የማሽን እንደሆነ እማዬም ታውቃለች፣ ግን ትነሳለች። ባለፈው ሐሙስ እስከ ፒያኖው ደርሳ አንዴ አርፋ ተመለሰች።

ጠቅላላ 3 ኮከብ። ዎከሩ ላይ ፎጣ መስቀል ካቆሙ 4 አደርገዋለሁ፣ ትናንት ስሄድ አሁንም አንድ ተሰቅሎ ነበር።