ከአሮጌ ፕሪንተር የተፈታ የሌዘር ስካነር ለሰርኪዩት ቦርድ ሥራ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከአሮጌ ሌዘር ፕሪንተር የተፈታ የስካነር ክፍልን ከ405 ናኖሜትር ሐምራዊ የሌዘር ዳዮድ ጋር አጣምሬ፣ ፎቶሬዚስት ፊልም (ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠነክር ስስ ፊልም) በተለጠፈበት የመዳብ ቦርድ ላይ የሰርኪዩት መስመሮችን ለመሳል ስጠቀምበት ወራት ተቆጥረዋል። ክፍሉ ጨረሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያስጉዝ ባለ ስድስት ገጽ ተሽከርካሪ መስታወትና ረጃጅም የፕላስቲክ ሌንሶች አሉት። ከጥገና ቤት በርካሽ ይገኛል፤ ተመሳሳዩን ሌንስ አዲስ ልግዛ ላለ ግን ዋጋው አይቀመስም።

የሌንሶቹ ትልቁ ጥቅም፣ መስታወቱ በእኩል ፍጥነት ሲዞር የጨረሩም ነጥብ በቦርዱ ላይ በእኩል ፍጥነት እንዲጓዝ ማድረጋቸው ነው፤ በተራ ሌንስ ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር እየፈጠነ ሥዕሉን ይለጥጠው ነበር። ችግሩ የተሠሩት 780 ናኖሜትር አካባቢ ላለ፣ ለዓይን እምብዛም ለማይታይ ጨረር መሆኑ ነው። ፕላስቲኩ ሐምራዊውን ብርሃን ይበልጥ ስለሚሰብረው ጨረሩ የሚሰበሰበው የፕሪንተሩ ድራም (ጨረሩ ሥዕሉን የሚጽፍበት ሲሊንደር) ከነበረበት ርቀት ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ የቦርዱ ማስቀመጫ በብሎን ከፍ ዝቅ የሚል መሆን አለበት። መሃሉ ጥርት በሚልበት ከፍታ ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል። በመካከላቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያላቸው ሁለት መስመሮች መሃል ላይ ተለያይተው ሲወጡ፣ ዳር ላይ ያሉት ያልጠነከረውን ፊልም በሚያስለቅቀው ሶዲየም ካርቦኔት ከታጠቡም በኋላ በስስ የፊልም ቅሪት እንደተያያዙ ይቀራሉ። እኔ የማምነው መሃሉን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የመስታወቱ ገጾች ፍጹም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ፣ የመስመሮቹ ጠርዝ በየስድስተኛው ቅኝት የሚደጋገም ጥርስ ያወጣል። አንዱን ገጽ ብቻ መጠቀም ይህን ያስቀረዋል፤ ሥራው ስድስት እጥፍ ይዘገያል ቢባልም፣ ፊልሙ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ ያንኑ መስመር ደጋግሞ መቃኘቱ ያው የማይቀር ነው።

ከጊዜ ጋር የመጣው ለውጥ የአቧራ ነው። ክዳኑ ከተነሳ ወዲህ የሚሽከረከረው መስታወት አቧራ እየሳበ በገጾቹ ጠርዝ ላይ ያከማቻል፤ መስመሮቹ መሳሳት ሲጀምሩ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል። ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቦርድ ለሚሠራ ሰው ግን ሌዘሩን ራሱን በሞተር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ይሻለዋል።

ዓይን ሐምራዊን ብርሃን አደብዝዞ ስለሚያየው ጨረሩ ደካማ ይመስላል፤ አይደለም። የዓይን መከላከያ መነጽሩ 405 ናኖሜትርን እንደሚያግድ በላዩ ላይ የተጻፈበት መሆን አለበት።