ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ መያዝ፦ የዙሪክ ካንቶን የሕዝብ ትራንስፖርት ሲገመገም
የሕዝብ ትራንስፖርትን ለመመዘን ስንነሣ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በተሽከርካሪው ላይ ነው፤ ባቡሩ አዲስ ነው ወይ፣ ወንበሩ ይመቻል ወይ፣ ፍጥነቱስ እንዴት ነው እንላለን። በስዊዘርላንድ የዙሪክ ካንቶን (ካንቶን የአገሪቱ ክፍለ ሀገር ነው) የሚሰጠውን አገልግሎት በዚህ መስፈርት ብቻ ብንመዝነው ደህና ነው ብለን የምናልፈው ይሆናል። እኔ ከፍ ያለ ነጥብ የምሰጠው ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ሌላውን እስኪይዝ ለሚያልፉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ በብዙ ቦታ ጉዞ የሚበላሸው እዚያ ላይ ሲሆን እዚህ ግን ዕቅዱ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

አገልግሎቱን የሚያስተባብረው የዙሪክ የትራንስፖርት ማኅበር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1990 ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ኤስ ባን የሚባለው የክልሉ ባቡር የተከፈተውም ያን ጊዜ ነው። ማኅበሩ ራሱ ባቡር አይነዳም። የትኛው መስመር በየስንት ደቂቃው ይመላለስ፣ ታሪፉ ስንት ይሁን፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ የሚለውን ይወስናል፤ ማጓጓዙን የፌዴራሉ የባቡር ድርጅት፣ የከተማው የትራም ድርጅት፣ የፖስታ አውቶቡስና ሌሎችም ይሠሩታል። ለተሳፋሪው ይህ ሁሉ ክፍፍል አይታየውም። ካንቶኑ ታሪፍ በሚሰላባቸው ዞኖች የተከፋፈለ በመሆኑ፣ የሚያልፍባቸውን ዞኖች ቲኬት አንዴ ከቆረጠ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ በባቡር፣ በትራም፣ በአውቶቡስ፣ በሐይቁ ላይ በሚሄደው መርከብ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሽቅብ በገመድ በሚጎተተው በትንሹ ፖሊባን ሳይቀር ይሄድበታል። ገቢውን እንዴት እንደሚካፈሉት የድርጅቶቹ ራስ ምታት ነው።

የቲኬቱ አንድ መሆን ብቻውን ግን ብዙም አይጠቅምም፤ አንድ ቲኬት ይዞ ብርድ ላይ መቆምም አለና። ቁም ነገሩ የጊዜ ሰሌዳው ነው። ስዊዘርላንድ ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቿ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሡ አድርጋለች፤ ጠዋት ከሰዓቱ 8 ደቂቃ ላይ የሚነሣ ባቡር ከሰዓት በኋላም 8 ደቂቃ ላይ ይነሣል፣ ስለዚህ ሰው ሰሌዳ ማየት ትቶ ደቂቃዋን ብቻ በቃሉ ይይዛል። በ1987 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀውና ዋና ክፍሉ በታኅሣሥ 2004 ሥራ ላይ የዋለው «ባን 2000» የተባለው ዕቅድ ይህንኑ አሠራር አጠናከረው፦ ባቡሮች ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ትልልቆቹ ጣቢያዎች ላይ ተሰብስበው፣ ተሳፋሪ ተለዋውጠው፣ ሰዓቱ እንዳለፈ ይበተናሉ። በበርንና በዙሪክ መካከል ያለው ጉዞ ከ1 ሰዓት በታች እንዲወርድ አዲስ ሐዲድ የተዘረጋውም ለዚህ ነው። ፍጥነቱ ለራሱ ሲባል አልተፈለገም፤ 1 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ጉዞ ግንኙነቱን፣ ማለትም ቀጣዩን ባቡር፣ ያሳጣል፣ 1 ሰዓት የማይሞላው ግን ያስይዛል። በጣቢያዎቹ ሁሉ የሚታየው፣ ሃንስ ሂልፊከር በ1944 የነደፈው ሰዓትም የዚሁ ሥርዓት ምልክት ሆኗል፤ ቀዩ የሰከንድ ዘንግ 12 ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆም ብሎ የደቂቃው ዘንግ ከተስፈነጠረ በኋላ ነው ጉዞውን የሚቀጥለው።

በትንሽ የገጠር ጣቢያ ላይ ሲታይ አሠራሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ባቡሩ ከመግባቱ በፊት አውቶቡሱ ከጣቢያው ደጃፍ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ወራጁ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ይሳፈራል፣ አውቶቡሱም ወደ መንደሮቹ ያቀናል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ወደ ከተማ የሚሄደውን ባቡር የሚይዙትን ያራግፋል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ ወይም በሀብት ብቻ የሚብራራ አይደለም። የካንቶኑ ደንብ ነዋሪ፣ ሠራተኛና ተማሪ ተደምሮ ቢያንስ 300 ሰው ያለበት የተያያዘ ሰፈር ሁሉ አገልግሎት እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ ከቲኬት ገቢ የማይሸፈነውን ወጪ ካንቶኑና ማዘጋጃ ቤቶቹ እኩል በእኩል ይከፍላሉ። ከፋይ የሆነ ማዘጋጃ ቤት ስለ መስመሩ የሚናገረው አያጣም። ሕዝቡም እንዲሁ ነው፦ የዙሪክ መራጮች ትራሙን መሬት ውስጥ ለማስገባት በ1962፣ የምድር ውስጥ ባቡር ለመሥራት በ1973 የቀረቡላቸውን ዕቅዶች ውድቅ አድርገው፣ በ1977 ደግሞ ላይ ላዩን ለሚሄዱት ትራሞችና አውቶቡሶች ቅድሚያ እንዲሰጥ 200 ሚሊዮን ፍራንክ ፈቀዱ። በእኔ ግምት ከሁሉም ውሳኔዎች ብልኅነት የታየበት ይኸኛው ነው፤ የትራፊክ መብራቱ ለትራሙ ሲከፈት ማየት ብቻ ይበቃል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የዙሪክ ከተማ የሚገኝበት 110 የተባለው ዞን በሒሳብ እንደ 2 ዞን ይቆጠራል፤ እንግዳ ሰው ይህን ከየት አምጥቶ ያውቃል? ጣቢያ ላይ ቲኬት የሚፈትሽ በር ስለሌለ ዘው ብሎ መግባት ይቻላል፣ ነገር ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም። ዋጋው ውድ ነው፤ ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍለውን አገር አቀፍ ካርድ ያልያዘ ሰው ይበልጥ ይሰማዋል። ሥራ መግቢያና መውጫ ላይ ባለ ሁለት ፎቆቹ ባቡሮች ይጨናነቃሉ፤ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው የሽታደልሆፈን ጣቢያ ውብ ቢሆንም 3 ሐዲድ ብቻ ይዞ ስለተሠራ ለመስመሩ ማነቆ ሆኗል፣ አራተኛው እንዲጨመርም ተወስኗል። በየሰዓቱ አንዴ ብቻ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ለሚመካ መንደር ደግሞ የባቡሩ ጥቂት ደቂቃ መዘግየት የአንድ ሰዓት ጥበቃ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉን ነገር በግንኙነት ላይ የገነባ አገልግሎት ግንኙነቱ ሲበጠስ የሚጎዳውም በዚያው ልክ ነው። ከ5 ነጥብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ የጎደለችው አንዷ ነጥብ ለዞኑ ሒሳብና ለዋጋው ናት።