በሩን ማክበድ ወይስ ማጠንከር? ለሚንጋደድና ነፋስ ለሚገፋው የመኪና በር የመፍትሔዎች ንጽጽር

የግቢያችን የመኪና በር መሬት መፋቅ የጀመረው በሐምሌ ነው። በያጅ ጠራን። አየና «ላሜራው ስስ ስለሆነ ነው፤ በ1.5 ሚሊ ይቀየር» አለ። ተቀየረ። በጋውን ደህና ከረመ፤ በቀጣዩ ክረምት ግን ከበፊቱ ብሶ ወረደ። የገባኝ ዘግይቶ ነው። ምሰሶው የቆመው ዋልካ አፈር ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፍዬ ክብደት ጨመርኩበት።

ስለዚህ ምን ልግዛ ከማለታችሁ በፊት የወረደው የትኛው እንደሆነ እወቁ። መጀመሪያ ምሰሶው ላይ ቱንቢ ጣሉ፤ ካዘነበለ ችግሩ ከበሩ አይደለም። ቀጥ ካለ የበሩን ክንፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ለኩ። ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ ፍሬሙ ተጣሟል፣ ሰያፍ (ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ ማጠንከሪያ) ይፈልጋል። እኩል ከሆኑ ደግሞ የክንፉን ጫፍ በእጅ ወደ ላይ አንሡት፤ «ቋ» ብሎ ከተነሣ ማጠፊያው ተበልቷል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፤ እኔ ግን አላደረግሁትም።

ወፍራም ላሜራ ወይስ ሰያፍ ቱቦላሬ

አንድ ሜትር ካሬ ብረት በ1 ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 1.5 ሜትር ስፋትና 2.4 ሜትር ቁመት ላለው ክንፍ ላሜራው ብቻ በ1 ሚሊ 28 ኪሎ፣ በ1.5 ሚሊ 42 ኪሎ ይሆናል። ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ፍሬም ሲጨመርበት ወፍራሙ ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል። ወፍራም ላሜራ ድንጋይና ሌባ ይችል ይሆናል፤ ለመንጋደድ ግን ዋናው መድኃኒት እሱ አይደለም። አራት ማዕዘን ፍሬም በማዕዘኑ ይታጠፋል፤ ሦስት ማዕዘን አይታጠፍም። ፍሬሙን ሦስት ማዕዘን የሚያደርገው ሰያፍ ነው፤ የሚጨምረውም ስድስት ሰባት ኪሎ ብቻ ነው።

ሰያፉን ከማጠፊያው በኩል ከታች አስነሥታችሁ ወደ መቆለፊያው በኩል ላይኛው ማዕዘን አስወጡት። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ሰያፉን ይጫነዋል፣ ብየዳው ደካማ ቢሆን እንኳ ቶሎ አይከዳም። በብየዳ ፋንታ የሽቦ ገመድ በማጥበቂያ ብሎን የምታስሩ ከሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል፦ ከማጠፊያው በኩል ከላይ ጀምሮ በመቆለፊያው በኩል ወደ ታች። ገመድ ይጎትታል እንጂ አይደግፍም። ገመዱ ርካሽ ነው፣ በያጅም መብራትም አይፈልግም፣ ሲላላ ታጠብቁታላችሁ። ለቀላል በር በቂ ነው። ለ70 ኪሎ ክንፍ ግን ቱቦላሬውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ክንፉ እንደተንጋደደ ሰያፍ ከተበየደበት ጥመቱ ዘላለማዊ ይሆናል። መጀመሪያ በክሪክ ይነሣ፣ ሁለቱ ልኮች እኩል ይሁኑ፣ ከዚያ ይበየድ። ከተበየደ በኋላም የተቃጠለው ቦታ አንቲረስት ይቀባ።

አንድ ክንፍ ወይስ ሁለት

አዲስ ለሚያሠራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫ ይህ ነው። ባለ 70 ኪሎው ክንፍ፣ ማጠፊያዎቹ በ2 ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኛውን ማጠፊያ በ26 ኪሎ ያህል ወደ ውጭ ይጎትታል። የሁለቱን ክንፎች ሦስት ሜትር ስፋት በአንድ ክንፍ ብትዘጉት ክብደቱ 140 ኪሎ ይሆናል፣ የክብደቱ መሐል ከማጠፊያው ያለው ርቀትም እጥፍ ይሆናል፤ ጉተታውም ወደ 105 ኪሎ ይደርሳል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ ማለት ነው። ባለ አንድ ክንፍ በር ያምራል፣ መቆለፊያውም አንድ ነው፤ እኔ ግን ለሰው አልመክርም።

ሦስተኛ ማጠፊያ መሐል ላይ መጨመር የተለመደ ነው፤ ለመንጋደድ ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ሁለቱን ማጠፊያዎች ማራራቅ ይሻላል፤ ሦስተኛ ከገዛችሁም ወደ ላይኛው አስጠጉት። ከታች ኩሽኔታ ያለው ማጠፊያ ሲገኝ ግን አትለፉት። ከክንፉ ጫፍ ሥር ጎማ መግጠም የሚጠቅመው መሬቱ ለስላሳ ኮንክሪት ከሆነ ነው። ኮብልስቶን ላይ ጎማው እየዘለለ ክንፉን ይጠመዝዘዋል።

ምሰሶው

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ደጀንና ቢቸና አካባቢ ጭምር፣ ዋልካው ብዙ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይሸሻል። በሩ በክረምት እየፋቀ በበጋ በደህና የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያ አትግዙ። እንዲህ ላለው መሬት ከአንድ ሜትር በላይ ቆፍሮ ዋልካውን ማውጣት፣ በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) መሙላትና ሁለቱን ምሰሶዎች ከመሬት በታች በግሬድ ቢም፣ ማለትም በተኛ የኮንክሪት አግዳሚ፣ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ቢንቀሳቀሱም አብረው እንዲንቀሳቀሱ። ከላይ በቢም ማያያዝም ይቻል ነበር፣ ነገር ግን አሸዋ የጫነ አይሱዙ መግባት አለበት። ከሁሉም መፍትሔ ውዱ ይህ ነው፤ ዋልካ ላይ ላለ ሰው ግን ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ቡሬና እንጅባራ በኩል ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት።

ነፋሱ

ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚነሣውን ነፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ በእኛ ከፍታ ባለው ቀለል ያለ አየር እንኳ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ወደ 19 ኪሎ ያርፋል። 3 በ2.4 በሆነ በር ላይ ይህ ከ135 ኪሎ በላይ ነው፤ ሁለት ጎልማሶች ተደግፈው እንደሚገፉት። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ እጥፍ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል።

ባለ ሁለት ክንፍ በር ደካማ ጎኑ ክንፎቹ የሚገናኙበት መሐል ነው። በየክንፉ ወደ ወለል የሚወርድ መቀርቀሪያ፣ ኮንክሪት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ሲገባ፣ ዋናውን ሥራ ይሠራል። ወርዶ የሚገባበት አፈር ከሆነ አንድ ክረምት አይቆይም። ሁለተኛው አማራጭ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ የሚተኛ የብረት አግዳሚ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን በየጠዋቱ ማንሣት ይሰለቻል። ሦስተኛው የባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፎ ማደሩ ነው። አልስቅበትም፣ ይሠራል፤ ግን በሩ የሚገፋው ወደ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ግንዱ ይወድቃል።

ርካሹና የሚዘነጋው ዘዴ ደግሞ አለ፦ የበሩን የላይኛውን 50 ሳንቲ ሜትር ከላሜራ ይልቅ በፍርግርግ ማሠራት። ነፋሱ የሚገፋው ስፋት በአምስት እጅ አንድ እጅ ይቀንሳል፣ ክብደቱም ትንሽ ይቀላል።

ወደ ላይ የሚከፈት በር ላላችሁ

ባሕር ዳር ባሉ አዳዲስ ቪላዎች የሚታየው ባለ ብዙ ቁራጭ፣ በሀዲድ ወደ ጣሪያ የሚወጣው በር ጠባዩ ሌላ ነው። እሱ የሚጎብጠው ሲከፈት ነው፤ ተኝቶ በሁለት ጫፉ ብቻ ስለሚያዝ መሐሉ ይረግባል፣ አምስት ሜትር ገደማ ሲሰፋ በተለይ። መድኃኒቱ በላይኛው ቁራጭ ላይ ከዳር እስከ ዳር በብሎን የሚታሰር፣ በጎኑ ሲታይ ዩ የመሰለ ቀጭን አግዳሚ ብረት ነው። ሞተሩ የሚጎትተውም ያንን ቁራጭ ስለሆነ ከመሰንጠቅ ያድነዋል። ለነፋስ ከሆነ አግዳሚው በሌሎቹም ቁራጮች ላይ ይደገም፤ ወይም በሚያሰጋ ሌሊት መሐል ላይ የሚቆም፣ ከወለልና ከላይ ከቢም ጋር የሚቆለፍ ተነቃይ ምሰሶ ይሠራ። መሐሉ ሲደገፍ ብረቱን የሚያጎብጠው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሀዲዱ ግን ባዶ ብሎኬት ላይ በፊሸር ብቻ ከተያዘ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ኮንክሪት ይያዝ። ይህ በር ከተገነጠለ ነፋሱ ገብቶ የጋራዡን ቆርቆሮ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል።

አግዳሚ ሲጨመር በሩ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሞላው እንደገና ይስተካከል። ሞተሩን አላቅቃችሁ በሩን በእጅ እስከ ግማሽ አንሡት፤ ባለበት ከቆመ ተመጣጥኗል፣ ከወረደ ሞላው አልቻለውም። ሞላውን ራሳችሁ እንዳትነኩት፤ ተጠምዝዞ የተያዘ ኃይል ስለሆነ እጅ ይሰብራል፣ ባለሙያ ይፍታው።

በጎን የሚንሸራተተው በርም አማራጭ ነው፤ ማጠፊያ ስለሌለው አይንጋደድም። ግን በበሩ ልክ ባዶ አጥር ይፈልጋል፣ ሀዲዱም በክረምት ጭቃ ይሞላል።

የእኛ ቤት በመጨረሻ ምሰሶው ፈርሶ በግሬድ ቢም ተሠራ፣ የወለል መቀርቀሪያም ተገጠመ። ባለ 1.5 ሚሊው ላሜራ አሁንም እዚያው አለ፤ ከተከፈለበት ወዲያ ምን ይደረጋል።