ባለ 350 ብሩ ሴንጢ፣ የፈረንሳዩና የአሜሪካው፦ የቱን ልግዛ?

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ መጋዘን እገባለሁ፣ ማታ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስከፍት፣ ሲባጎ ስቆርጥ፣ የማዳበሪያ አፍ ስፈታ ነው የምውለው። ሴንጢ ከሌለኝ ሥራ የለም።

ሰሞኑን ሁለት ባልደረቦቼ "ርካሹን እንግዛ ወይስ ውዱን?" ብለው ያዙኝ። በሦስቱም ዓይነት ሠርቼባቸዋለሁና ያየሁትን ሁሉ እዚህ ላስቀምጠው። ዝም ብዬ የማላልፈው ነገርም አለ፤ አንዱ ሴንጢ ጣቴን አስሰፍቶኛል።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት ደሴ ፒያሳ አካባቢ መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። 350 ብር። ጥቁር እጀታ፣ ኪስ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ፈጠን ብሎ የሚከፈት። ሲያዩት ያምራል። ስለቱ ላይ "ስቴይንለስ" የሚል ቃል ብቻ አለ፤ ማን እንደሠራው፣ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ምንም አይናገርም። የመጀመሪያው ሳምንት አሪፍ ነበር፣ ምላጭ ነው ብዬ ተደስቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሲባጎውን መቁረጥ ትቶ ማኘክ ጀመረ። ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ስለት ይበላል። ወረቀቱ ውስጥ የገባ የማዕድን ዱቄት አለ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ከጅቡቲ ጀምሮ የተሸከመው አቧራ አለ። ስስለው እሺ ይላል፣ በደቂቃ ይሳላል፣ ግን በማግስቱ ተመልሶ ዱልዱም ነው።

እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት መቆለፊያውን ነው።

ላይነር ሎክ የሚሉት ዓይነት ነበር። እጀታው ውስጥ አንዲት ቀጭን ብረት አለች፤ ስለቱ ሲከፈት ወደ ጎን ትዘልና ከስለቱ ቂጥ ኋላ ትደገናለች። ስለቱ ተመልሶ እንዳይታጠፍ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ደህና አድርጎ የሠራው ሰው ካለ ይህ አሠራር አስተማማኝ ነው፣ ውድ ሴንጢዎችም ላይ አለ። የእኔዋ ግን ለስላሳ ብረት ነበረች፣ ስለቱን የምትነካውም በጫፏ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ተበላች፤ እኔ ደግሞ ልብ አላልኩም። አንድ ቀን የማዳበሪያ ስፌት ውስጥ ጫፉን ሰክቼ ገፋ ሳደርገው ቀጭ አለና ታጠፈ። አመልካች ጣቴ ላይ። መጀመሪያ ምንም አላመመኝም፣ ነጭ መስመር ብቻ ነው ያየሁት፤ ከዚያ ደሙ መጣ። ሦስት ስፌት፣ የቲታነስ መርፌ፣ አምስት ቀን ያለ ሥራ። የደሴ ብርድ ሲበረታ ጠባሳው እስካሁን ይሰማኛል።

ባቲ ያለው አጎቴ ጣቴን አይቶ "የሚታጠፍ ቢላ እኮ የተሰበረ ቢላ ነው" አለኝ። እሱ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ከአፋሮች ጋር ሲውል ያደገ ሰው ነው። የእነሱ ጊሌ የሚባለው ቢላ ከእጀታው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው፣ የሚታጠፍ ነገር የለውም። ነገሩ ልክ ነው። የሚታጠፍ ነገር ሁሉ የሚደክመው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሴንጢ ስትገዙ ከስለቱ በፊት መገጣጠሚያውን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ርካሽ ሁሉ አይረባም እያልኩ ግን አይደለም። የቻይና ነው ብሎ መናቅም ልክ አይደለም። ጓንግዶንግ ውስጥ ያንግጂያንግ የሚባል በቢላ ሥራ የታወቀ ከተማ አለ፤ ከዚያ የሚወጣ በጣም ደህና ሥራ አለ። ልዩነቱ የሚታወቀው ብረቱን ሲጽፉትና ሳይጽፉት ነው። ስለቱ ላይ 3ሲአር13 የሚል ካያችሁ ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይዶለዱማል። 8ሲአር13 ከሆነ ካርቦኑ 0.8 አካባቢ ነው፤ ይሄ በእሳት በደንብ ከጠነከረ ለሥራ ይበቃል። 13ቱ ክሮሚየሙ ነው፣ እንዳይዝግ የሚያደርገው። "440" ብቻ ከተጻፈበት ግን ምንም አልነገራችሁም፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ አሉት፣ ሲ ከኤ በጣም ይሻላል። ፊደሉን የደበቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው ኤ የሚለውን ነው ብዬ ነው የምገምተው።

ሁለተኛው ሴንጢዬ ፈረንሳይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ያመጣችልኝ ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው። ይሄን ሴንጢ እወደዋለሁ። ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው ሳቮያ በሚባለው ተራራማ አገር በ1890 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ብሎ የጀመረው ሥራ ነው፣ መልኩም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተቀየረም። ክብ የእንጨት እጀታ፣ 8.5 ሳንቲሜትር ስለት፣ ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ምልክት። በቃ። አውሮፓ ውስጥ ዋጋው ከ20 ዩሮ በታች ነው፤ እዚያ ርካሽ የሚባል ዕቃ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ስይዘው የልጅ መጫወቻ ነው የመሰለኝ፣ በጣም ቀላል ነው። ኪስ ውስጥ መኖሩ አይታወቅም።

መቆለፊያው ቀለበት ነው። ስለቱን ትከፍቱና አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ዞር ታደርጉታላችሁ፤ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ስለቱ መመለሻ ያጣል። የፈለሰፉት በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። የሚዘል ነገር የለም፣ የሚለጠጥ ነገር የለም፣ መቆለፉን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጣቱን ለተሰፋ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የማዳበሪያ ስፌት ላይ ያለ ፍርሃት መግፋት የቻልኩት ከእሱ በኋላ ነው። ማዞሩን እስክለምድ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ በአንድ እጅም አይከፈትም። በአንድ እጅ ካርቶን ደግፎ በሌላው ሴንጢ መክፈት ለለመደ ሰው ይሄ ያናድደዋል፣ እውነቴን ነው።

ሁለት ዓይነት ስለት አለው፤ የማይዝገውና ካርቦኑ። የእኔ ካርቦኑ ነው። ካርቦኑ ድንጋይ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲባል ፀጉር ይላጫል። በምትኩ ዝገት አለ። ብርቱካን ልጬበት ሳልጠርገው ባደረበት ቀን ስለቱ ላይ ሰማያዊና ግራጫ ነገር ወጣ፤ ደነገጥኩ፣ በአሸዋ ወረቀት ልፈገፍገው ስል የአክስቴ ልጅ በስልክ "ተወው፣ እሱ አይጎዳም፣ ቀዩ ነው ዝገት" አለችኝ። አሁን ስለቱ ሁሉ ጠቆር ብሏል፣ የድሮ ማጭድ መስሏል፣ እኔ እንዲያውም እንደዚህ ሆኖ ነው ደስ የሚለኝ። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ደሴን ሲሸፍን ግን ማታ ማታ ደረቅ ጨርቅና አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ይፈልጋል።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ ያገኘሁት ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ክረምት ላይ ደሴ ቤቴ ጠዋት ስከፍተው እጀታው ስለቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ በጥፍሬ ስቤ አልወጣም ይለኛል። ያንኑ ሴንጢ ኮምቦልቻ አውርጄ ሙቀት አግኝቶ ከዋለ ከሰዓት በኋላ እንደ ቅቤ ይከፈታል። በሚኒባስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእንጨቱ ግን ሌላ አገር ነው። ዘዴ አለው፦ ቀለበቱን ክፍት ቦታ ላይ አድርጋችሁ የእጀታውን ጅራት ጠረጴዛ ላይ ኳ ስታደርጉት ስለቱ ብቅ ይላል። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የሳቮያ ሰዎች ምት ይሉታል። ከዚያ በጣታችሁ ትስቡታላችሁ።

ሦስተኛው የእኔ አይደለም። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚተክል ጓደኛዬ ከውጭ ያስመጣው የአሜሪካ ሥራ ነው፤ ዋጋው ከ150 ዶላር በላይ። ለሦስት ሳምንት አዋሰኝ፣ አላህ ይስጠው። እንደዚህ ያለ ነገር ይዤ አላውቅም። ሲከፈት ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፣ ስለቱ ወደ ጎን አንዲት ፀጉር ታህል አይነቃነቅም። ብረቱ ኤስ30ቪ ይባላል፤ ካርቦኑ 1.45 በመቶ፣ ቫናዲየሙ 4 በመቶ። ለሦስት ሳምንት ያንኑ ካርቶንና ያንኑ ሲባጎ ስቆርጥበት ሞረድ አላሳየሁትም። የእኔ ርካሹ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሥር ጊዜ ይሳል ነበር።

ከዚያ ዶለዶመ። የማይዶለድም ብረት የለም። መቼም ዱልዱሙን አልመልስለትም ብዬ ድንጋዬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ፈተግኩት፣ ያው ነው። ፒያሳ ቢላና መቀስ የሚስሉ አንድ አዛውንት ጋ ወሰድኩት። ሁለት ሦስቴ ሞከሩት፣ አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ድንጋዬን እየበላው ነው" ብለው መለሱልኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳነብ ልክ ናቸው። ብረቱ ውስጥ ቫናዲየም ካርባይድ የሚባሉ ጥቃቅን ጠንካራ ነገሮች አሉ፤ ከተራው የመሳያ ድንጋይ ይጠነክራሉ። ድንጋዩ በዙሪያቸው ያለውን ብረት ይፈትጋል፣ እነሱን ግን አይነካቸውም። የአልማዝ ዱቄት የተለበጠበት ጠፍጣፋ ብረት ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው፣ ደሴ ሱቆች ውስጥም ጠይቄ አላገኘሁም። ጓደኛዬ አለው፣ እሱ ሳለው።

ሌላው ነገር ጭንቀት ነው። ሦስቱንም ሳምንት እጄ ኪሴን ሲነካ ነበር። ለሰው አላውስም፣ መሬት ላይ አላስቀምጥም፣ የቆርቆሮ ማሰሪያ ቁረጥ ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። የሥራ ዕቃ ሆኖ ከሥራ የምደብቀው ከሆነ ለእኔ አይሆንም። ገንዘቡ ያለው፣ የአልማዝ መሳያውን የሚያስመጣ፣ ጥሩ ዕቃ በመያዝ የሚደሰት ሰው ግን ይግዛው፤ ገንዘቡ አልጠፋም፣ ሥራው ላይ ይታያል።

የስዊሱን ቀይ ሴንጢ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቪክቶሪኖክስ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረ ቤት ነው፣ ብረቱም ለመሳል ቀላል ነው፣ መቀሱ ብቻ ዋጋውን ያወጣል። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ የተለመደው የኪስ መጠኑ ስለት መቆለፊያ የለውም፣ በስፕሪንግ ብቻ ነው የሚቆመው። ብርቱካን ለመላጥ፣ ክር ለመቁረጥ ድንቅ ነው። ወጋ አድርጎ ለመግፋት አይደለም። ደግሞ ገበያ ላይ የመስቀል አርማውን አስመስለው የሠሩት ሞልቷል፤ ከስለቱ ሥር የተቀረጸውን ስም ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ።

እንግዲህ ለባልደረቦቼ ያልኳቸው ይሄ ነው፦ ከመሃለኛው ግዙ። መቆለፊያው የሚታመን፣ ብረቱ ተራ ድንጋይ ላይ የሚሳል። ማስመጣት ካልቻላችሁና ከጨርቅ ላይ መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ እዚያው ቆማችሁ ፈትሹት፣ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። ክፈቱና ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ መልሱለት። መቆለፊያዋ ብረት ከስለቱ ኋላ ሙሉ ገብታ መቆሟን እዩ፤ በጫፏ የነካች ከሆነ የእኔ ጣት ትዝ ይበላችሁ። ከዚያ ጣታችሁን ከመታጠፊያው መንገድ አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ የጫማችሁ ሶል ላይ መታ መታ አድርጉት። ከታጠፈ ሌላ ምንም ማየት አያስፈልግም። ዘግታችሁም አራግፉት፤ ጫፉ ከእጀታው ወጣ የሚል ከሆነ ኪሳችሁን ቀዶ እግራችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለ መያዙም ላንሳ። ሴንጢ ሲባል ብዙ ሰው ዱርዬ ነው የሚታየው፣ አይፈረድበትም። እኔ ሚኒባስ ውስጥ ኪሴ አላደርገውም፣ ከምሳ ዕቃዬ ጋር ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ፍተሻ ካለ ቀድሜ እናገራለሁ፣ የመጋዘን ሠራተኛ መሆኔን መታወቂያዬ ይመሰክራል። በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የምትበሩ ከሆነ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት፤ በእጅ ቦርሳ ከተገኘ ይወሰዳል።

የአክስቴ ልጅ ለመስከረም ትመጣለች። ሁለት ቁጥር 8 እንድትይዝልኝ ነግሬያታለሁ፤ አንዱ ለመጋዘናችን ጥበቃ፣ ካርቦን ስለት፣ አንዱ ደግሞ ለአጎቴ ወደ ባቲ። አጎቴ አሁንም "የተሰበረ ቢላ ነው" ይላል። የእኔን ግን ባለፈው አረፋ ተቀብሎኝ በግ ገፎበታል፣ ቀለበቱንም ሳልነግረው ራሱ ነው ያዞረው።