ፕራት፦ የንግግርና የመስማት ሳይንስ ተማሪ ሊይዘው የሚገባ ፕሮግራም

«ትል»፣ «ድል»፣ «ጥል»። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው እነዚህን ሦስት ቃላት ሳያስብ ይለያቸዋል። ልዩነታቸው በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ምን ላይ እንደሆነ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። እኔም እዚህ ጅማ የንግግርና የመስማት ሳይንስን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር ስጀምር መልሱን አላውቀውም ነበር። የምናነባቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ምሳሌዎቻቸውም ከዚያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። እንግሊዝኛ ደግሞ «ጥ»ን፣ «ቅ»ን ወይም «ጭ»ን የመሰሉ ፈንጂ ድምፆችን ቃል ለመለየት አይጠቀምባቸውም፤ በአንድ ቃል ውስጥ ተነባቢን በማጥበቅና በማላላትም ትርጉም አይለይም። ስለዚህ አንደኛውን ዓመት የጨረስኩት ስለ ሰው ልጅ ድምፅ ብዙ ሸምድጄ፣ ስለ ራሴ አፍ ግን እምብዛም ሳላውቅ ነበር። ይህንን ክፍተት የሞላልኝ ፕራት የሚባለው፣ የተቀዳ ድምፅን በምስል የሚያሳይና የሚለካ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከተጠቀምኩበት በኋላ ለሌሎች ተማሪዎች የሚበጀውንና የማይበጀውን ለይቼ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ፕራትን ያዘጋጁት በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ድምፅ ተመራማሪዎች የሆኑት ፖል ቡርስማ እና ዴቪድ ዌኒንክ ናቸው። ስሙ በደች ቋንቋ «ተናገር» ማለት ነው። በነፃ ይገኛል፤ ውስጡ የተጻፈበት ኮድም ለሁሉም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ለእኛ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ሌላ ነገር ነው፦ መጫን አያስፈልገውም፤ ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ይከፈታል፤ ከተገኘ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኔ ያገኘሁት ከአንዲት የበላይ ተማሪ ፍላሽ ላይ ሲሆን፣ እኔም በተራዬ ለክፍሌ ልጆች ያደረስኩት በዚያው መንገድ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ እንኳ ሊሠራበት ይችላል።

ሲከፈት ግን እንግዳን የሚያስደነግጥ መልክ አለው። ሁለት መስኮቶች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ አንደኛው የድምፅ ፋይሎች የሚዘረዘሩበት፣ ሁለተኛው ለሥዕል የተዘጋጀ ባዶ ገጽ ነው። ትእዛዞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አንድ ፋይል እስኪመረጥ ድረስም አብዛኞቹ አይታዩም። የመጀመሪያውን ሳምንት ታግሦ ያለፈ ሰው ግን ከዚያ በኋላ መንገዱ ይቀናለታል።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከላይ የጠቀስኳቸውን ሦስት ቃላት መቅዳት ነበር። ጅማ የዝናብ አገር ናት፤ ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፅ መቅዳት ዘበት ነው፤ የዝናቡ ድምፅ ምስሉን ከላይ እስከ ታች ግራጫ አድርጎ ይሸፍነዋል። በበጋም ቢሆን ቀን ቀን የባጃጁ ድምፅ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ታናሽ እኅቴን ማለዳ፣ ከሱቢሕ በኋላ መንገዱ ሳይሟሟቅ አስነሥቼ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ማይክሮፎኑን ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ እያንዳንዱን ቃል አምስት አምስት ጊዜ አስባልኳት። ከዚያም ፋይሉን ከፍቼ ስፔክትሮግራም የሚባለውን ምስል ተመለከትኩ፤ ይህም ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የድምፁ ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት) ከታች ወደ ላይ፣ ጉልበቱ ደግሞ በጥቁረቱ የሚነበብበት ሥዕል ነው።

በ«ድል» ላይ ምላስ ከላይኛው ድድ ከመላቀቋ በፊት ከምስሉ ግርጌ ጥቁር መስመር ተዘርግቷል፤ የድምፅ አውታሮች ቀድመው መንዘር ጀምረዋል ማለት ነው። በ«ትል» ላይ ያ መስመር የለም፤ ምላስ ስትላቀቅ ትንፋሽ ሾልኮ እንደ ጭጋግ ይታያል፤ አናባቢው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ«ጥል» ላይ ግን ምላስ ስትላቀቅ ቀጥ ያለ ጥቁር ጭረት ይታይና ወዲያው ነጭ ባዶ ቦታ ይከተላል። ከዚያም አናባቢው በድንገት ይጀምራል። ያቺ ነጭ ክፍተት ናት ለእኔ ትምህርቱን ሁሉ ትርጉም የሰጠችው። «ጥ» ስንል ጉሮሯችን ከታች ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ በተዘጋው ጉሮሮና በምላስ መካከል የታፈነው አየር ይጨመቃል፣ ምላስ ስትላቀቅም ይፈነዳል፤ የሳንባ ትንፋሽ ግን ጉሮሮው እስኪከፈት ድረስ ይጠብቃል። «ፈንጂ» የሚለውን ስያሜ በአማርኛ ሰዋስው ትምህርት ሰምቼው ነበር፤ ምን እንደሚፈነዳ የገባኝ ግን የእኅቴን ድምፅ ሳይ ነው።

ምላስ ወይም ከንፈር በሚላቀቅበት ቅጽበትና የድምፅ አውታሮች መንዘር በሚጀምሩበት ቅጽበት መካከል ያለውን ጊዜ በመለካት ተነባቢዎችን መለየት የተለመደው የሥነ ድምፅ ተመራማሪዎቹ ሊስከር እና አብራምሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ካሳተሙት ጥናት በኋላ ነው። እነርሱ ከመዘኗቸው 11 ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። አንድ ተማሪ በራሱ ቤት፣ በራሱ ላፕቶፕ፣ በራሱ ቋንቋ ያንኑ ልኬት መውሰድ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ፕራት መጀመሪያና መጨረሻው በመዳፊት ከተመረጠ ቆይታውን እስከ ሚሊ ሰከንድ ክፍልፋይ ያነባል።

ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ነው። ፊደላችን «ገና» ብሎ ጽፎ በዓሉን ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለውን ለአንባቢው ይተወዋል፤ «ዋና»፣ «ሰፊ»፣ «አለ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱን «ገና»ዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስለካ የጠበቀው «ን» የላላውን እጥፍ ያህል ቆየ። ይህ ለሕክምና ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ከአንጎል ምት በኋላ ንግግሩ የተንቀራፈፈ የአማርኛ ተናጋሪ የሚላላውንና የሚጠብቀውን መለየት ሲያቅተው ሰሚው «አይገባኝም» ይላል እንጂ ምኑ እንደጠፋ አይናገርም። ይህንን የሚያነሣ የእንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ፕራት የሚያሳስተው በፎርማንት ላይ ነው። ፎርማንት የሚባሉት በአናባቢዎች ውስጥ በጉልህ የሚታዩት የድግግሞሽ ቀበቶዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው አፍ በተከፈተና ምላስ በወረደ መጠን ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው ምላስ ወደ ፊት በቀረበች መጠን ከፍ ይላል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ይዞት የሚመጣው ልክ እስከ 5,500 ሄርዝ (የድግግሞሽ መለኪያ) ባለው ውስጥ 5 ፎርማንት መፈለግ ነው፤ ይህም ለአዋቂ ሴት የተመጠነ ነው። ለአዋቂ ወንድ ጣሪያው 5,000 መሆን ይኖርበታል፤ ለትንሽ ልጅ እስከ 8,000 ሊደርስ ይችላል። እኔ ይህንን ሳላስተካክል የአንድ የክፍል ጓደኛዬን ሰባት አናባቢዎች ለካሁና ከ«ኧ» እስከ «ኦ» በሠንጠረዥ አስፍሬ ለመምህሬ አቀረብኩ። የእርሱ «ኡ» ተቀራርበው የሚገኙት ሁለቱ የታች ፎርማንቶች እንደ አንድ ተቆጥረው ነበርና አናባቢው ከአፉ መሐል የተነገረ መስሎ ወጣ። መምህሬ ወረቀቱን አይተው፣ «ይህ ልጅ እንዲህ ሲናገር ሰምተሽዋል?» ብቻ አሉኝ። አልሰማሁትም። ቁጥሩን ከጆሮዬ አስበልጬ አምኜ ነበር። ፕሮግራሙ ስሕተት መሥራቱን አይናገርም፤ ቀይ ነጠብጣቦቹን በልበ ሙሉነት ይደረድራል። ነጠብጣቦቹ ከጥቁሩ ቀበቶ ላይ ማረፋቸውን በዓይን ማረጋገጥ የተጠቃሚው ግዴታ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ስፔክትሮግራሙ ሳይነካ የሚያሳየው ከ0 እስከ 5,000 ሄርዝ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። «ሽ» ዋና ጉልበቷ ከዚያ በታች ስለሚጀምር በደንብ ትታያለች፤ «ስ» ግን አብዛኛው ጉልበቷ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ስለሆነ ራሷ ተቆርጦ እግሯ ብቻ ይቀራል። ጣሪያውን ወደ 10,000 ከፍ ሲያደርጉት ሙሉዋ «ስ» ብቅ ትላለች። ይህንን ያደረግሁ ዕለት በመስማት ሳይንስ ኮርስ የተማርነው ነገር በአንድ ጊዜ ተገጣጠመልኝ፦ ከፍተኛ ድግግሞሽ መስማት የተሳነው ሰው «ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ የሚለው ግን አይለይልኝም» የሚለው ለዚህ ነው። አናባቢዎቹ ከታች ስለሆኑ ይደርሱታል፤ «ስ»ና «ጽ» የመሰሉት ግን ከላይ ይቀሩበታል።

በተረፈ ግን ለመስማት ሳይንስ ፕራት የሚያደርገው አስተዋጽኦ ትንሽ ነው፤ ይህንን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመስማት ምርመራ ከ250 እስከ 8,000 ሄርዝ ያሉ ድምፆችን በታወቀ መጠን እያሰማ የሰውየውን የመጨረሻ ዝቅተኛ የመስማት ደረጃ ይፈልጋል፤ ለዚህም የተስተካከለ ኦዲዮሜትር (የመስማት መመርመሪያ መሣሪያ) እና ጸጥ ያለ ክፍል ያስፈልጋል። ፕራት ንጹሕ (ባለ አንድ ድግግሞሽ) ድምፅ መፍጠር ይችላል፤ ነገር ግን በላፕቶፑ ኢርፎን የሚወጣው ስንት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንደሆነ አያውቅም። የሚያሳየው የዴሲቤል ቁጥርም ማይክሮፎኑ በመለኪያ ካልተስተካከለ በቀር ቅጂዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ ለሌላ አይሆንም። በዚህ ፕሮግራም የሰው ጆሮ «ለመመርመር» የሚሞክር ተማሪ ካለ እባካችሁ ተዉት በሉት።

ሁለት ተግባራዊ ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ፕራት የተሠራውን በራሱ አያስቀምጥም፤ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ሁሉ እስኪቀመጥ ድረስ በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ላይ ብቻ ያለ ነው። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃላትን ስከፋፍል ቆይቼ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ጠፍቶብኛል። በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክትም ተጨምቆ የሚመጣ ስለሆነ ለልኬት አይሆንም፤ ስልኩ ላይ ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል የተቀዳውን በገመድ መውሰድ ይሻላል።

የፕሮግራሙ ዋጋ ከሁሉ በላይ የታየኝ በጎረቤታችን ልጅ ጉዳይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ቤታቸው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚማረው በአማርኛ ነው። ከትምህርት ቤት «አንደበቱ ችግር አለበት» የሚል መልእክት ተልኮባቸው እናቱ እኔን ጠየቁኝ። ልጁ «ጸሐይ»ን «ጠሐይ»፣ «ጸሎት»ን «ጠሎት» ይላል። በመምህሬ ተቆጣጣሪነትና በእናቱ ፈቃድ እርሱንም እናቱንም ቀዳኋቸው። የልጁ «ጥ» ጭረቷም ነጭ ክፍተቷም ያለ እንከን ትታያለች፤ የፈንጂ ድምፅ አወጣጡ ሙሉ ነው። አፋን ኦሮሞ «ጽ» የሚባል ድምፅ ስለሌለው ልጁ ከቤቱ ቋንቋ ቅርቡን መርጧል፤ የእናቱም ምስል ከእርሱ አይለይም። «ዻዻ» (ቅቤ) ሲል ደግሞ ምላስ ገና ሳትላቀቅ የንዝረቱ ጉልበት እየጨመረ ይሄዳል። ይህንን ድምፅ እኔ ራሴ አጥርቼ ማውጣት አልችልም። «ለፈ» (መሬት) እና «ላፋ» (ለስላሳ) ሲልም የአናባቢውን እጥረትና ርዝመት አንድም ጊዜ አላምታታም።

ሆኖም «ጽ» ከላይኛው ድግግሞሽ ከሚገኙት ድምፆች አንዷ ናትና፣ ልጁ ባይሰማት ይሆን የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ነበር። «ስ»ን አጥርቶ ማውጣቱ ይሰማል የሚለውን ግምት ያጠናክራል እንጂ አያረጋግጥም። ያንን ፕራት ሊመልስልኝ ስለማይችል እናቱ የመስማት ምርመራ አስደረጉለት፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ደኅና ሆነው ተገኙ። የእናትና የልጁን ምስሎች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አትሜ፣ የምርመራውን ወረቀት አያይዤ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም ለክፍል አስተማሪው ይዘውለት ሄዱ።