ቆፍጣናው አባት ወይስ ቀረብ ያለው?

የአራት ኪሎና የፒያሳ ልጆች ብዙዎቻችን ያደግነው «ወንድ ልጅ አያለቅስም» በሚል አባት ነው። እሱ ሲገባ ቤቱ ጸጥ ይላል። ፍቅሩን የሚያሳየው የትምህርት ቤት ክፍያ በሰዓቱ በመክፈል ነው። ሕጉም ከጎኑ ነበር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርገዋል። ይህን ያስቀረው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ሌላኛው አባት እሁድ ወዳጅነት ፓርክ ይታያል። ልጁን አቅፎ፣ የዳይፐር ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ። «ሚስቱ ናት የምታዘው» ብሎ የሚስቅበት አይጠፋም። ይሳቅ። ልጁ ሲፈራ ወይም ሲመቱት መጀመሪያ የሚነግረው ለእሱ ነው፤ ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይሄ ነው። በቆፍጣናው ቤት ልጅ ለእናቱ ይነግራል። እሷ ደግሞ የአባትየውን ፊት አይታ፣ ቀን መርጣ ታደርሳለች። እስከዚያ ነገሩ ወይ ያልፋል ወይ ይብሳል።

ቆፍጣናው በአንድ ነገር ይበልጣል፦ ቃሉ አይዋዥቅም። አዲሱ አባት አንዳንዴ እምቢ ማለት ያቅተውና ስልኩን ሰጥቶ ይገላገላል። እሱን መቅረብ አልለውም።

የጊዜም ጉዳይ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ አባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። በ3 ቀን ዳይፐር መቀየር እንኳ በቅጡ አይለመድም። ስለዚህ ቀረብ ማለት የፈለገ አባት ሰዓቱን ከዲኤስቲቪ ቤቱ ላይ ይቀንሳል፤ ኳሱንም ከልጁ ጋር ሳሎን ያያል።