ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት፦ አንዲት አሮጌ ኤምጂቢ በሁለት ጋራዦች

ዘንድሮ አገር ቤት ለእረፍት በገባሁበት ጊዜ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ በቁጭትም በምስጋናም የማነሣው የመኪና ጥገናውን ነው። መኪናዋ የአባቴ የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ባለ አራት ማርሽ ኤምጂቢ የተባለች የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ስትሆን፣ ሞተሯ ተነሥቶ በቆመችበት አንደኛና የኋላ ማርሽ ያለ ጩኸት አልገባ ይሉ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁሉም ማርሾች በሁለት ጣት ይገባሉ፤ ፍሪሲዮኑ ደጋግሞ ሲረገጥም ጩኸቱ በእጅጉ ይቀንሳል። እነዚህን ምልክቶች ለመጀመሪያው ጋራዥ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ሰጥቻለሁ።

የጋራዡ ኃላፊ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ መኪናዋን በግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ ነድቶ «ሲንክሮናይዘሩ አልቋል፤ ካምቢዮው ይወርዳል» አለ። ካምቢዮ የማርሾቹ ሳጥን ነው፤ ሲንክሮናይዘር ደግሞ ማርሽ ከመግባቱ በፊት የሚገናኙትን ክፍሎች ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት ኤምጂቢዎች ሲንክሮናይዘር ያላቸው አራቱ የፊት ማርሾች ናቸው፤ የኋላ ማርሽ ጨርሶ የለውም። ስለዚህ የኋላ ማርሽ መጮኹ የሚናገረው ስለ ሲንክሮናይዘር ሳይሆን፣ ፔዳሉ ተረግጦም የፍሪሲዮን ዲስኩ ከሞተሩ ፈጽሞ ስላለመላቀቁና የካምቢዮው ዘንግ መዞሩን ስላለማቆሙ ነው። ይህንኑ ባስረዳው «እኛ የምንሠራው በልምድ ነው» የሚል መልስ ሰጠኝ። የምኖርበት አገር ያሉ መካኒኮች ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ብዙም ፊት አይሰጡም፤ ቢሆንም ግምቱን በጽሑፍ ሳይሰጥና ሳያስፈርም መፍቻ የሚያነሣ አላጋጠመኝም።

ኤምጂቢን የማያውቅ ሰው ሊረዳው የሚገባው ነገር፣ የዚህች መኪና ካምቢዮ ለብቻው እንደማይወርድና ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ተነሥተው እንደሚወጡ ነው። መዘግየቱ የተወለደውም ከዚሁ ነው። በቀናት ውስጥ ያልቃል የተባለው ሥራ መጀመሪያ ሞተር ማንሻው በሌላ መኪና ተይዟል፣ ቀጥሎ መለዋወጫው እየተፈለገ ነው፣ ከዚያም የሚገጣጥመው ባለሙያ አልመጣም እየተባለ ሳምንታትን በላ። በሄድኩ ቁጥር የማገኘው ያንኑ ሞተር በዚያው ጥግ፣ የተፈታው ካምቢዮም አፉ በጨርቅ እንኳ ሳይሸፈን አቧራ ሲጠጣ ነበር። ለቤተሰቤ ያሰብኩት ጊዜ በጋራዥ በር ላይ አለቀ፤ እናቴም መኪናዋን ሳይሆን እኔን እንደናፈቀች ነገረችኝ። ይባስ ብሎ፣ ያ ሁሉ ተፈትቶ ሳለ የፍሪሲዮኑን ዲስክም ሆነ ከካርቦን የሚሠራውን የፍሪሲዮን መግፊያ ሳይለውጡ መልሰው ገጠሙት። ሞተር ከወረደ አይቀር መጀመሪያ የሚታሰቡት ግን እነሱ ናቸው።

በመጨረሻ የቀረበልኝ ሒሳብ የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች፣ የጎሚኒዎች (የዘይት ማገጃ ጎማዎች)፣ የእጅ ሥራና «ልዩ ልዩ ማስተካከያ» የተባለ፣ ምንነቱን ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው ያልተገኘለት፣ ከሁሉም የከበደ መስመር ነበረበት። የወጡትን አሮጌ ቀለበቶች እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ተጥለዋል ተባልኩ። ከግቢው ለመውጣት የኋላ ማርሽ ሳስገባ መኪናዋ እንደ ቀድሞው ጮኸች፤ በዚያ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ እጅ የሚታገል ሆኖ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ካምቢዮውን የሞሉት በወፍራም የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የዚህች መኪና መመሪያ ግን ለካምቢዮውም የሞተር ዘይት ያዛል። ሲንክሮናይዘር የሚሠራው በሰበቃ በመሆኑ፣ ወፍራም ዘይት ከቀለበቱና ከማርሹ መካከል ቶሎ ስለማይሸሽ ቀለበቱ ማርሹን በጊዜ ሊይዘው አይችልም።

ዘመድ የጠቆመኝ ሁለተኛው መካኒክ ብቻቸውን የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ማንንም በቀጠሮ አይቀበሉም፣ ደረሰኝም አይሰጡም፤ በዚህ በኩል ማንም ሊያመሰግናቸው አይችልም። ይሁን እንጂ መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ከመኪናዋ ሥር ተኝተው፣ እኔ ፔዳሉን ስረግጥ የታችኛው የፍሪሲዮን ሲሊንደር ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ በማስመሪያ ለኩ። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ሲሊንደር ዘይቱን በጎማ ቱቦ ወደ ታችኛው ይገፋል፤ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውም ይኸው የታችኛው ዘንግ ነው። ግማሽ ኢንች ያህል መግፋት ሲገባው ከዚያ በጣም ያንስ ነበር። ፔዳሉን ከላይኛው ሲሊንደር ጋር የሚያገናኘው ስፒና ተበልቶ ቀዳዳውም እንቁላል ቅርጽ ይዞ ስለነበር፣ እግር ሲረግጥ የመጀመሪያው ጉዞ በከንቱ ያልፋል። የጎማ ቱቦውን ደግሞ በመዳፋቸው ጨብጠው አስረገጡኝና ሲያብጥ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ዘንጉን ሊገፋ የሚገባው ኃይል ቱቦውን በመንፋት ይባክን ነበር ማለት ነው።

«ይህን ሳያዩ ነው ሞተር ያወረዱት፣ ልጄ?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ስፒናውን አስቀርጸው፣ ቀዳዳውን አስሞልተው እንደገና በሱ፤ ቱቦውንና የታችኛውን ሲሊንደር ጎሚኒ ለወጡ፤ አዲስ የፍሬን ዘይት ሞልተው አየሩን አስወጡ፤ በካምቢዮው ያለውንም አፍስሰው 20ደብሊው50 የሞተር ዘይት አደረጉበት። ሥራው በዕለቱ አለቀ፤ ያስከፈሉኝም መጀመሪያው ጋራዥ «ልዩ ልዩ» ብሎ ከጻፈው መስመር ብቻ እንኳ ያንስ ነበር። ከዚያም ሞተሩን አስነሥተው፣ ፔዳሉን አስረግጠው፣ ጥቂት ሰከንዶች አስጠብቀው የኋላውን ማርሽ እንዳስገባ አደረጉኝ። ያለ ድምፅ ገባ።

አሁን የቀረው፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ በፍጥነት ሲወረድ የሚሰማ አጭር ኩርፊያ ነው። በመካከሉ ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት) አድርጎ፣ ፍሪሲዮን ለቅቆና ነዳጅ ሰጥቶ እንደገና ሲረገጥ ይጠፋል፤ ይህ እንግዲህ የእውነት የሲንክሮናይዘር ማለቅ ምልክት ነው። ተለውጧል ተብሎ የከፈልኩበት የሁለተኛ ማርሽ ቀለበት በእርግጥ ተለውጦ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጋራዥ የጽሑፍ ማብራሪያ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን መልስ አልደረሰኝም።